ጀማ ገደል ላይ ቱካን የለም

ከመርሐቤቴ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ገደሉ ላይ የምትታየው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ትልቅ መንቁር ያላት ወፍ ፎቶዋ በተለጠፈ ቁጥር «ቱካን በኢትዮጵያ ተገኘ!» የሚል ሰው አይጠፋም። አልተገኘም! ቱካን ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ካለው ምድር ውጭ በዱር አይኖርም። ስሙም የዚያው አገር ነው፦ የብራዚል ቱፒዎች «ቱካና» ያሉትን ፖርቱጋሎችና ፈረንሳዮች ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ አስገባው።

የጀማዋ ወፍ የሄምፕሪች ሆርንቢል ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ ከሞተው ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው። ትልቁ ዘመዷ፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ በአገሬው ስም የመዘገበው እርኩም ነው። (እርኩምን ለብቻው ቤተሰብ የሚያደርጉ አሉ፤ ሆርንቢሎችንም ቀድሞ ከዓሣ አጥማጅ ወፎች ጋር ይመድቧቸው ነበር። ምደባው ገና ይከለስ ይሆናል።) የቱካን የቅርብ ዘመድ ግን ግንደ ቆርቁር ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ትልቁ መንቁር በሁለቱ ወገኖች ለየብቻ የመጣ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመራቢያ ጊዜ ነው። ቱካን የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ይጥላል፤ በሩን ግን አይዘጋም። የሄምፕሪቿ እንስት የገደል ስንጥቅ ውስጥ ትገባና፣ ገበሬ የጎታ አፍ እንደሚመርግ፣ መግቢያውን በጭቃና በኩስ ትመርገዋለች። የምትተወው ወንዱ መንቁሩን የሚያሾልክባት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሆርንቢሎች እንስቷ እዚያው ታሽጋ ሳለች የክንፍና የጅራት ላባዋን በአንድ ጊዜ ታራግፋለች። መብረር አትችልም፤ እሷም ጫጩቶቿም የሚኖሩት ወንዱ በሚያመጣው ነው። አዲሱ ላባ ሲያድግላት ምርጉን ሰብራ ትወጣለች። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይበልጥ ያስደንቃል፦ ማንም ሳያስተምራቸው ጫጩቶቹ ራሳቸው መግቢያውን መልሰው ይመርጉታል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ወላጆች ከውጭ ይመግቧቸዋል። እርኩም ግን አይመርግም፤ ስለዚህ «ሆርንቢል ሁሉ በሩን ያሽጋል» ማለትም ስሕተት ነው።

ፎቶውን ስትለጥፉ የሄምፕሪች ሆርንቢል ብላችሁ ጻፉ። የተመረገ የገደል ስንጥቅ ካያችሁም ራቅ በሉ፤ ወንዱ ሰው ፈርቶ ከቀረ ውስጥ ያሉት የሚበሉት የላቸውም።