ጋኔን ምስክር ሆኖ ሲቆም

በኩታበር ገጠሮች የንስሐ አባት ሆኖ የሚያገለግል ካህን፣ ከቅዳሴና ከማኅሌት የተረፈውን ጊዜውን በብዛት የሚፈጀው፣ ሰው እንደሚገምተው የኃጢአት ኑዛዜ በመቀበል ሳይሆን የሕመም አቤቱታ በመስማት ነው፤ «አባ፣ ታስሬአለሁ፣ ይፍቱኝ» ብሎ የሚመጣው ምእመን ሁሉ፣ አንዱ መተት ነው ሲል፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው ሲል፣ ሦስተኛውም ስሙን ሊጠራው በማይችለው ኀዘን ተይዞ ይገኛልና። ለዚህ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ያላት መድኃኒት ጥቂት አይደለም፤ ጾሙና ስግደቱ፣ ጠበሉና እምነቱ፣ ለሕሙማን የሚደርሰው ጸሎተ ቀንዲልም አለ፤ በእነዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ብዕሬን ያነሣሁት በጠበል ቦታ ሥር ስለ ሰደደ አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም በሕመምተኛው ላይ የሚጮኸውን መንፈስ «ማን ላከህ?» ብሎ መጠየቅና የሰጠውን መልስ እንደ እውነተኛ ሰው ቃል አምኖ መቀበል ነው።

በንስሐ የተነገረ ከካህኑ ጋር ይቀበራልና፣ የምተርከው ሕዝብ በአደባባይ ያየውንና ባለጉዳይዋ እንድጽፈው የፈቀደችልኝን ብቻ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘበት ወራት የአንዲት እናት ልጅ ከቤት እንደ ወጣ ቀረ፤ ሞተ የሚል መርዶ አልመጣም፣ አለ የሚልም ወሬ አልተሰማም። እናትየው እህል አልወርድ እያላት፣ ሌሊትም እየተነሣች በር እየከፈተች ብትቸገር፣ ወንድሞቿ ወደ ጠበል አወረዷት። አጥማቂው መቁጠሪያውን በአንገቷ አጥልቆ፣ መስቀሉንም በግንባሯ አስደግፎ «በማን መጣህ?» እያለ ቢያስጨንቃት፣ የእሷ ባልሆነ ድምፅ ጮኻ የጎረቤቷን የሸክላ ሠሪዋን ስም ጠራች። ያች ሸክላ ሠሪ ቡና ስታፈላ የምትጠራት፣ ስትታመምም ቀድማ የምትደርስላት ነበረች። የእናትየው ታናሽ ወንድም ከዚያው ዱላውን አንሥቶ ሲወጣ እኔና ሌሎች ሰዎች ይዘን አስቀረነው፤ ሲነጋ ግን በሸክላ ሠሪዋ ደጅ ለቅዳሜ ገበያ ተደርድረው የነበሩት ጀበናዎችና ምጣዶች አንድ እንኳ ሳይተርፍ ተሰባብረው ተገኙ።

እንግዲህ ወንጌልን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ግልጽ ሊሆን በተገባው ነበር። ጌታችን ዲያብሎስ የሐሰት አባት መሆኑን አስታውቋል፤ በቅፍርናሆምም አጋንንትን ባወጣ ጊዜ ይናገሩ ዘንድ አልፈቀደላቸውም። ቅዱስ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያገኛት የጥንቆላ መንፈስ ያደረባት ልጅ ስለ ሐዋርያት የተናገረችው እውነት ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ሐዋርያው የመንፈሱን ምስክርነት አልሻም ብሎ አስወጣው። እውነት ሲናገር ያልተደመጠው መንፈስ፣ ዛሬ ጎረቤትን ሲከስ በምን ሥልጣን ይደመጣል?

የሀገራችንም ታሪክ በዚህ ነገር ዕዳ አለበት። በሌባሻይ ዘመን አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ፣ አእምሮውን ስቶ እየተንፈራገጠ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር፤ መንግሥት ከልክሎት ቀረ፤ ነገር ግን የጠበሉ ጥያቄ ያንኑ ብላቴና በሌላ ልብስ መልሶ ያመጣው ይመስለኛል። ክሱም እንደ ጥንቱ ዘወትር የሚያርፈው በቀጥቃጩ፣ በሸማኔውና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት ዐዋጅ በመጽሐፍ ሰፍሮ ሲኖር፣ በመንደር ግን ገና አልተሰማም።

መንፈሱን ትቼ ሴቲቱን ልጠይቅ ብዬ፣ ከጠበሉ ስትወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ካለው ጽድ ሥር አስቀመጥኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «አባ፣ ተዝካሩን ባወጣ በእጄ ገደልሁት፤ ባላወጣ ደግሞ ነፍሱን አስራብሁት» አለችኝ። ከዚህ የከበደ እስራት በአገልግሎቴ ሰምቼ አላውቅም። ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ለቤተ ሰቡ አርባም ሰማንያም የለው፤ ልቅሶ የማይደረስበት ኀዘን ነው፤ እኔም ሞቱ ላልታወቀ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ላደርስ አልችልም። ስለዚህ ያደረግነው ይህ ብቻ ነው፤ የክርስትና ስሙ በጸሎት እንዲታሰብ፣ እሷም በየወሩ በ12 በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ዳቦ ጋግራ፣ በሕይወት ያለም የሞተም ሳትለው፣ በልጇ ስም ለነዳያን እንድትሰጥ። በመጀመሪያው ወር ዳቦውን ራሷ ቆርሳ አከፋፈለች፤ ማታም አብራቸው በላች።

እንቅልፉ ግን አልተመለሰም፤ በሌለበት የልጇን ድምፅ መስማቷም አልተወም። ወደ ደሴ ሆስፒታል ሂጂ ስላት ኪኒን ከወሰድሁ ጠበሉ ይርቀኛል ብላ ፈራች። ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ጎድቷል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጥለው ጠበል የገቡ ሕሙማን በበዙበት ወራት፣ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በግልጽ ማስተማራቸው ስለዚህ ነበር። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ሲያክመው የኖረው የሥጋ ደዌም፣ ሕዝቡ እርግማን ይለው የነበረ በሽታ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኋት፤ የረዳኝ ግን ንግግሬ አይመስለኝም፤ «አብሽሪ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» ብላ እስከ ደሴ ያደረሰቻት ያችው ሸክላ ሠሪ ናት።

ወንድምየው በሽማግሌ ፊት የጀበናዎቹንና የምጣዶቹን ዋጋ ከፍሏል፤ ጥርጣሬውን ግን አልተወም፤ ሰላምታውም ከአንገት በላይ ነው። ከአጥማቂው ጋር ያለኝ ክርክርም አላለቀም። እሱ፣ ጌታችን ሌጌዎንን ስሙን ጠይቆት የለምን ይለኛል፤ እኔም ስሙን ጠየቀው እንጂ የላከውን ሰው አልጠየቀውም፣ ያወጣውም የማንንም ደጅ ሳያስከስስ ነው እለዋለሁ። በመጨረሻ ግን «እኔ ብተወው ሕዝቡ ወደሚጠይቅለት ወደ ሌላ ጠበል ይሄዳል» አለኝ፤ ሐሰት ነው ልለው አልቻልሁም። ለጊዜው የተስማማነው፣ ጥያቄው ባይቀር እንኳ ዘመድና ሕዝብ ባሉበት እንዳይጠየቅ ነው። በዚህ አልረካሁም፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ዱላ አንሥቶ ከጠበሉ የወጣ ሰው አላየሁም።