ርካሽ ቴርማል ስካነር፦ ማየትና መለየት

በአሜሪካ ቴክሳስ የዱር አሳማ በሌሊት እየወጣ ማሳ ይገለብጣል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በግል መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ አሳማ ለማደን የአደን ፈቃድ አያስፈልግም፤ በእጅ የሚያዝ ቴርማል ስካነር የሚገዙ አዳኞችም አሉ። ታዲያ ኪሱ ሳሳ ያለው የትኛውን ይምረጥ?

ስካነሩ እንደ ሌሊት መነጽር ብርሃን አያጎላም፤ ከገላ የሚወጣውን ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ጨረር ይቀበላል። ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ሌንሱ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርማኒየም ይሠራል። ለዋጋው መናር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሻጮች «አንድ ሺህ ሜትር ያያል» ይላሉ። ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማየትና መለየት ለየቅል ናቸው። እስቲ እናስላው። የሴንሰሩ ፒክስል 12 ማይክሮሜትር፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 10 ሚሊሜትር ይሁን። በ100 ሜትር ላይ አንዱ ፒክስል 12 ሳንቲሜትር ይሸፍናል፤ በ300 ሜትር ደግሞ 36! 1.2 ሜትር የሚረዝም አሳማ ሦስት ፒክስል ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ጥጃ ይሁን፣ ውሻ ይሁን፣ ያጎነበሰ ሰው ይሁን በምን ይታወቃል? በ25 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ያው አሳማ ስምንት ፒክስል ያህል ያገኛል።

ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ፣ በእኔ ግምት፣ ቪዲዮ መቅጃውና ዋይፋዩ ይቅርና ለሌንሱ ይከፈል። ዲጂታል ዙም ያለውን ፒክስል ያሰፋል እንጂ አዲስ አይጨምርም። በእርግጥ ረጅሙ ሌንስ የእይታ መስኩን ያጠባል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ በቅርብ ለሚያድን 10 ሚሊሜትሩ ይሻለዋል። ጭጋግና ዝናብ ካለ ደግሞ የሁሉም ርቀት ያጥራል።