ጉልበት ከተቀየረ በኋላ ሲያተኩስ

ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ወረታ፣ በፎገራ ሜዳ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ባለበት አገር ጥርጣሬው ትክክል ነው። ግን ይኸው አካባቢ ትኩሳትን ሁሉ ወባ ማለት የሚያስከፍለውንም ያውቃል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር ሲዛመት፣ በሽታው እስኪለይ ድረስ ብዙዎች የወባ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል።

ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄደው ጉልበታቸውን ወይም ዳሌያቸውን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አስቀይረው ለሚመለሱ አዛውንትም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት የሚመጣ መጠነኛ ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን አይደለም፤ ሰውነት ለቁስሉ የሚሰጠው ምላሽ ነው። የሚያስፈራው ቤት ከተገባ በኋላ ያለው ነው። ቁስሉ ከሳምንት በላይ ማርጠቡን ካላቆመ፣ ጉልበቱ ከቀላና ካበጠ፣ ወይም እየቀነሰ የነበረው ሕመም እንደገና ከባሰ፣ ሙቀቱ ደህና ቢሆንም ወደ ቀዶ ሐኪሙ መመለስ ያስፈልጋል። ትኩሳት የሌለው ኢንፌክሽን ብዙ ነው፤ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ። «እማማን አላተኮሳቸውም» ብሎ መጽናናት አይበቃም።

የወባ ምርመራው ይደረግ። ውጤቱ ወባ ነው ቢልም ግን ወባ ጉልበትን አያቀላም። ከዚህ የባሰው «ታይፎይድ ይሆናል» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ነው። ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ወስዶ ነጭ የደም ሕዋሳቱን ያስቆጥራል፣ በካልቸርም ባክቴሪያውን ያስለያል። መድኃኒት ከቀደመ ባክቴሪያው ሳይሞት ይደበቃል፤ ካልቸሩ ባዶ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዴ መድኃኒቱን አቁሞ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ግድ ይሆናል። ታማሚው ከተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከቃዠ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ባክቴሪያ ብረትና ፕላስቲኩ ላይ ሲጣበቅ መድኃኒት በቀላሉ የማይዘልቀው ሽፋን ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት ከፍቶ በማጠብ፣ ፕላስቲኩን በመለወጥና ለሳምንታት አንቲባዮቲክ በመስጠት መገጣጠሚያውን ማትረፍ ይቻላል። ከዘገየ ብዙውን ጊዜ ማውጣት ይመጣል፤ አዲሱም የሚገባው አንዳንዴ ከወራት በኋላ፣ በሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

ልጆች ሆይ፣ አባባ ከሆስፒታል ሲወጡ የቀዶ ሕክምናውን ቀንና ዓይነት የያዘውን ወረቀት፣ የክፍሉንም ስልክ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ጤና ጣቢያ ስትደርሱም ከትኩሳቱ በፊት «ጉልበታቸው ተቀይሯል» በሉ። ጋቢ ለብሰው ሲቀመጡ ጠባሳው አይታይም።