ስሙ ልኩ የሆነው ድንጋይ

እኛ ሰፈር «ባትሪ» የሚባለው የእጅ መብራቱ ነበር። ሆዱ ውስጥ የሚገቡት ሁለቱ ድብልብሎች «ድንጋይ» ነው ስማቸው። መብራቱ እየቀላ ሲመጣ አባቴ «ድንጋዩ ደክሟል» ይላል፤ እናቴ በማግሥቱ ታወጣውና ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ማታ ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ይዘራል። የተማሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ መሳቅ አልነበረባቸውም። ሙቀት የድንጋዩን ኬሚካል ያነቃቃዋል፣ ለኤሌክትሪኩም መንገዱን ያቀልለታል፤ ሳትንጠፈጠፍ የቀረች ጉልበት ካለች ትወጣለች። ከፀሐይዋ የሚገባ አዲስ ጉልበት ግን የለም።

ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ድንጋይ በመልክ ያኛውን ይመስላል እንጂ ሥጋ ዘመዱ አይደለም። ስሙ 18650 ነው፤ ጠጋኞች «አሥራ ስምንት ስድስት ሃምሳ» ይሉታል። ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር፤ መጨረሻ ላይ ያለችው 0 ደግሞ ድብልብል መሆኑን ትናገራለች። በቃ። ስሙን የሰማ ልኩን ያውቃል። ስሙ እንዲህ የታመነ ዕቃ፣ ልብሱ ላይ በሚጻፈው ቁጥር ሲዋሽበት ማየቴ ነው ብዕር ያስነሳኝ።

አይተነው አናውቅም ካላችሁ ተሳስታችኋል። ወፈር ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሆነው ተኝተዋል። የልብስ ሳሙና በሚያህሉት ፓወር ባንኮች፣ ግንባር ላይ በሚታሰረው መብራት፣ ገመድ በሌለው መሰርሰሪያ ውስጥም አሉ። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ያወጣት የመጀመሪያዋ መኪናው ሮድስተር የምትሄደው በእነዚሁ ነበር፤ 6,831 ፍሬ ተደርድረውባት። ሰው ሁሉ ስለ መኪናዋ አወራ፤ ድንጋዩን ያነሣው የለም።

የሊቲየም ኬሚስትሪውን ታሪክ በሩጫ ልለፈው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ ጀመረው፤ ጆን ጉድኢናፍ በ1980 ኦክስፎርድ ሆኖ የኮባልት ኦክሳይዱን መንገድ አሳየ፤ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 ለቤት የሚሆን አድርጎ አገጣጠመው፤ ሶኒ በ1991 ሱቅ አስገባው። ሦስቱ ሰዎች የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ2019 ነው። ጉድኢናፍ ያኔ 97 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ኖቤል የተቀበለ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም።

ውስጡ ምን አለ ብትሉኝ፣ ጥቅል እንጀራ። አንድ ረጅም የአሉሚኒየም ቅጠል ሊቲየም ያለበት ጥቁር ቅብ ይቀባል፤ አንድ ረጅም የመዳብ ቅጠል ግራፋይት ይቀባል፤ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ ይገባል። ሦስቱ ተደራርበው፣ ተጠቅልለው፣ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ገብተው፣ ፈሳሽ ጠጥተው ይታሸጋሉ። ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ይሰደዳል፤ ስንጠቀምበት ወደ አገሩ ይመለሳል። ባዶ ሲሆን 3 ቮልት ገደማ፣ ሞልቶ 4.2 ቮልት ነው።

አሁን ወደ ውሸቱ።

መርካቶ አንድ የግንባር መብራት ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ ሁለት ድንጋይ አወጣልኝ። አንዱ ወይን ጠጅ ልብስ ለብሶ 2,600 ተጽፎበታል፤ ሌላው የሚያብረቀርቅ ቀይ ለብሶ 9,900። ቁጥሩ ሚሊአምፐር ሰዓት ነው፤ ድንጋዩ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን። «ጋሼ፣ ከዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶና ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ የትኛው ይበልጣል?» አለኝ ልጁ፤ ሒሳብ የሚፈትነኝ መስሎ። ዋጋቸው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ ባለ 9,900ው ረከስ ይላል። እዚያ ላይ መንቃት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሁለቱንም ገዛሁ።

ለክብደት የሚሆን ሚዛን ቤት ስለሌለኝ ድንጋዮቹን ይዤ ያኔ ፒያሳ ከነበሩት ወርቅ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ባለቤቱ «ስንት ካራት ነው?» ብለው ሳቁብኝ፤ ቢሆንም መዘኑልኝ። ወይን ጠጁ 46 ግራም። ቀዩ 31 ግራም። ሰውየው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ቀዩስ ቅልቅል ነው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከወርቅ ጋር የኖሩ ሰው ስለ ሊቲየም ምንም ሳያውቁ ትክክለኛውን ፍርድ ሰጡ። የደህና 18650 ክብደት ከ44 እስከ 50 ግራም ነው፤ ያ ሁሉ መዳብና ቅብ የትም ሊቀልል አይችልም። ከ40 በታች ከመዘነ ጥቅሉ ሙሉ አይደለም።

ቤት ወስጄ በመለኪያ ሳሟጥጠው ቀዩ 870 ሰጠኝ፤ ዘጠኝ ሺህ ያለው አንድ ሺህም አልሞላ። ኋላ ሲሞት አንድ የማውቀው ጠጋኝ ከፍቶ አሳየኝ፦ ጣት የምታህል ትንሽዬ ባትሪ መካከል ላይ ተቀምጣ፣ ዙሪያዋ በነጭ ዱቄት ተሞልቷል። (እናንተ አትክፈቱ። እሱ ሥራው ነው፤ ያውም ውጭ ወጥቶ፣ አሸዋ አጠገቡ አስቀምጦ ነው የከፈተው።)

ነገሩን ደጋግሜ የማወራው ምክንያት አለኝ። ብዙ ሰው «ቻይና ነው፣ ኦሪጅናሉ ቢሆን 9,900 ይይዝ ነበር» ይላል። አይይዝም! የትም አገር ቢሠራ አይይዝም። ቆርቆሮው ከ17 ሴንቲሜትር ኩብ በታች ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1994 ገደማ ይህችው ቆርቆሮ 1,100 ያህል ትይዝ ነበር። የዓለም መሐንዲሶች ቅቡን እያጠሩ፣ ቅጠሉን እያሳሱ፣ ግራፋይቱ ውስጥ ሲሊከን እየቀላቀሉ፣ ስንት ዓመት ደክመው 3,500 አካባቢ አድርሰዋታል። ይህን ሁሉ ድካም አንድ ማተሚያ ቤት በቀይ ቀለም በሦስት እጥፍ ሊበልጠው አይችልም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ 18650 ላይ ከ3,600 በላይ የተጻፈ ቁጥር ካያችሁ፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሸት ነው። 4,200ም፣ 6,800ም፣ 9,900ም። ውሸቱ ሲያድግ ደግሞ ድንጋዩ የባሰ ይቀልላል፤ እስካሁን ይህ ሲዛነፍ አላየሁም።

ፓወር ባንክ ላይ ያለው ነገር ግን ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፤ አንባቢው ነው የሚሳሳተው። «10,000 ተብሎ ባለ 5,000 ስልኬን ሁለቴ አልሞላልኝም» ብሎ የሚቆጣ ወዳጅ አለኝ። 10,000ው የተለካው በውስጥ ድንጋዮቹ 3.7 ቮልት ነው፤ የሚወጣው ግን በ5 ቮልት ነው። ቮልቱ ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል፦ 7,400። ከዚያ ላይ በመለወጫው ሙቀት ሆኖ የሚባክነው አለ፤ ስድስት ሺህ ምናምን እጃችሁ ከገባ ጥሩ ዕቃ ነው። ስለዚህ የሚታይ ቁጥር ዋት ሰዓት ነው። አሥር አምፐር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት። የስልኩ ባትሪ 19 አካባቢ ነው፤ ከብክነቱ ጋር አንዴ ተኩል ይሞላዋል። ወዳጄ አልተታለለም፤ ጀርባውን ገልብጦ አላነበበም እንጂ።

ዋት ሰዓቱ ቦሌም ይጠየቃል። ወደ ዋሽንግተንም ሆነ ወደ ጅዳ ስትሄዱ ፓወር ባንክ ከእጅ ሻንጣ ውጭ አይፈቀድም፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ ደግሞ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዲት እትዬ በሚዛኑ ፊት ሻንጣቸው ተከፍቶ፣ ፓወር ባንኩ ከሽሮና ከበሶው ሥር ሲፈለግ አይቻለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ቆሞ ጠበቃቸው።

ቀዩን የከፈተልኝ ጠጋኝ የሚኖረው ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ነው። ሰው «ሞቷል» ብሎ የሚጥለው ባትሪ ውስጥ ስድስቱ ድንጋዮች ሁለት ሁለት ተጣምረው፣ ሦስቱ ጥንዶች ተቀጣጥለው ነው ያሉት። አንዱ ጥንድ ሲደክም መቆጣጠሪያው ሁሉንም ይዘጋል። አራቱ ግን ብዙ ጊዜ በሕይወት አሉ። እሱ አላቅቆ በቴስተር ይለካቸዋል፤ ቮልታቸው ወርዶ ወርዶ ከ2 በታች የደረሰውን ወደ ጎን ያደርገዋል፤ የተቀሩትን ሞልቶ ቀን ጽፎባቸው ሳምንት ያስቀምጣቸዋል። ሳምንት ቆይቶ ቮልቱ የወረደ፣ ወይም ሲሞላ እጅ ላይ የሚያቃጥል፣ አይገባም። የቀሩት መብራት ሲጠፋ የሚበሩ ፋኖሶች ይሆናሉ። «እኔ ድንጋይ አልጠግንም፤ እመርጣለሁ እንጂ» ይላል። ከስንቱ መጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ጠረጴዛ የተማርኩት ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ሳልቆጣ አላልፍም፤ ልብሱ የተቀደደ ድንጋይ። ያ ቀጭን ፕላስቲክ ለጌጥ አይደለም። ቆርቆሮው ከታች እስከ ትከሻው ድረስ ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ ጫፉ ላይ ያለችው ቆብ ብቻ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአንዲት ቀለበት ውፍረት አይበልጥም። ኪሳችሁ ውስጥ ከቁልፍና ከባለ አንድ ብር ሳንቲም ጋር ስታስቀምጡት ሾርት እንዲያደርግ እየለመናችሁት ነው። አንድ ደህና ድንጋይ 12.6 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህ ጉልበት ሳይባክን ቢሠራበት አንድ ኩንታል ጤፍ 46 ሜትር ከፍ ያደርጋል፤ አሥራ አምስተኛ ፎቅ ማለት ነው። እሱ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ሱሪ ኪስ ውስጥ ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል ራሳችሁ አስቡት። የፕላስቲክ መያዣ ሣጥን ርካሽ ነው።

ስለ ቻርጅ ብዙ የማወራው የለኝም። «አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ይሞላ»፣ «ዜሮ ሳይገባ አይሰካ» የሚሉት ምክሮች የኒኬል ካድሚየም ዘመን ውርስ ናቸው፤ ሊቲየም ዜሮ መግባት ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ለወራት የምታስቀምጡት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አድርጉት። ቻርጀሩ 4.2 ላይ የማያቆም ከሆነ ወርውሩት። ሙቀት ደግሞ ዋና ጠላቱ ነው፤ ፀሐይ የሚመታው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚተው ሰው ስልኩ በዓመቱ ሲደክም ኩባንያውን ይረግማል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ባለፈው ክረምት ከመግባቱ በፊት እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ያ ጠጋኝ የሠራውን አንዱን ፋኖስ ከዓመት በፊት ሰጥቻት ነበር። ግቢው ውስጥ በርበሬ ተሰጥቷል። ከሰፌዱ ጎን፣ በጋዜጣ ላይ፣ ሁለት 18650 በሥርዓት ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ብድግ አድርጌ ጥላ ውስጥ አስገባኋቸው። እጅ ያቃጥላሉ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረጉህ?» አለች።

«እማዬ፣ ይሄኛው በፀሐይ አይሞላም። ይሞታል።»

በርበሬውን በእጇ እያገላበጠች ትንሽ ዝም አለች። «ትናንት ማታ ግን በርቷል» አለችኝ።