ከማተሚያ ቤት በፊት፦ ብሮሸርዎን ማን ያነበዋል?

ማተሚያ ቤት ሲገቡ የሚቀርብልዎ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኮፒ ነው?» የሚል ነው። ቀጥሎ የወረቀቱ ዓይነትና ቀለሙ ይመጣል። ብሮሸሩ ለማን እንደሚሰጥ፣ ያ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ግን የሚጠይቅዎ እምብዛም አይገኝም። አይፈረድባቸውም፤ የእነሱ ሥራ ማተም ነው። ይህን መመለስ ያለበት ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ነው፤ ያውም ከቤቱ ሳይወጣ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ወዳጅ ዘመድ ንግድ ሲከፍት «እስቲ ይህቺን ብሮሸር እዪልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ባለፈው ዓመት ያመጣችልኝ አንዲት ዘመዴ ናት። የሕፃናት ማቆያ ልትከፍት ቤት ተከራይታ፣ ክፍሎቹን ቀለም አስቀብታ፣ አልጋና ምንጣፍ ገዝታ፣ ከዕቁቧ የተረፈውን ገንዘብ ለ3,000 ብሮሸር ልታውለው ነው። ንድፉ ሲያዩት ያምራል። ፊቱ ላይ ከኢንተርኔት የተወሰደ ወርቃማ ጸጉር ያለው የፈረንጅ ሕፃን ይስቃል። ሲገለጥ «ራዕያችን»፣ «ተልዕኳችን»፣ «እሴቶቻችን» የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉ። ስልኩና አድራሻው ከጀርባ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ሰፍረዋል።

«አንቺ ልጅሽን የምታስቀምጪበት ቦታ ስትፈልጊ የማንን ራዕይ አነበብሽ?» አልኳት። ሳቀች።

አንድ አንባቢ ይምረጡ

እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥንና አንዲት እናት መረጥን። በግል ድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ስለዚህ ማቆያ የምታፈላልግበት ጊዜ ይታወቃል። የት እንደምትገኝም ይታወቃል፤ በአገራችን የሕፃናት ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የ10 ሳምንቱን ክትባት ወረፋ የምትጠብቅ እናት ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀራትም። ልጄን ለማን ትቼ ልሂድ እያለች ነው የተቀመጠችው። ብሮሸሩ በጤና ተቋሙ ፈቃድ መድረስ ያለበት እዚያ ነው እንጂ የትራፊክ መብራት ላይ በመኪና መስኮት አይደለም።

ያቺ እናት ምን ትጠይቃለች? አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን ትይዛለች? ታልቦ የመጣ የጡት ወተት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ አለ? ልጁን ትኩሳት ቢይዘው ማን ይደውልልኛል? ከእኔና ከአባቱ ሌላ ሰው ሊወስደው ቢመጣ ትሰጡታላችሁ? ትራንስፖርት አጥቼ ብዘገይስ? ዘመዴ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራት፤ አንዱም ግን ብሮሸሩ ላይ አልነበረም። ራዕይና ተልዕኮውን አወጣንና ጥያቄዎቹን ራሳቸውን ርዕስ አደረግናቸው። «በዘርፉ የካበተ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ለአራት ሕፃናት አንድ ሞግዚት» በሚለው ተተካ። አጭር ነው፤ ሊቆጠር ይችላል። እናቲቱም ስትመጣ ትቆጥረዋለች፤ ስለዚህ የማይፈጽሙትን አያትሙ። አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ የታተመ ቃል ከቦርሳ ወጥቶ ፊትዎ የሚዘረጋበት ቀን አለ።

ወረቀቱን በእጅዎ ይጠፉት

የተለመደው ብሮሸር አንድ ኤ4 ወረቀት ለሦስት ታጥፎ የሚገኘው ባለ ስድስት ገጹ ነው። ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት ነጭ ወረቀት አጥፈው በየገጹ የሚገባውን በእርሳስ ይጻፉበት። ንድፍ አውጪው ወረቀቱን ስክሪን ላይ ተዘርግቶ ያየዋል፤ አንባቢ ግን በተራ ነው የሚያየው። ሽፋኑን ሲገልጥ በስተቀኝ ወደ ውስጥ የታጠፈው ገጽ ይገጥመዋል። ይህ ገጽ ብዙ ጊዜ በጌጥ ይባክናል። እኛ «ብዘገይስ?» የሚለውን እዚያ አዋልነው። ይህ ገጽ ከሌሎቹ ጠበብ ማለት እንዳለበትም አይርሱ፤ ከ297 ሚሊ ሜትሩ ለሁለቱ 100 ቢሰጥ ለእሱ 97 ይበቃዋል። እኩል ከሆነ ሲታጠፍ ወረቀቱ ይጎብጣል።

ፊደላችንም የራሱ ጠባይ አለው። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ርዕስን ከጽሑፍ የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። «ለ» እና «ሉ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ በ8 ነጥብ፣ በተለይ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ሲታተም፣ ቅጥያዋ በቀለም ትዋጣለች። እኔ ከ11 ነጥብ በታች አልወርድም። በብዙ ቤት የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው አያት ናት፤ እሷም ታነበዋለች። ቃላታችን ረዣዥም ስለሆኑ በጠባብ ዓምድ ላይ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ይፈጥራል፤ ከግራ ብቻ ቢሰለፍ ይሻላል። እንግሊዝኛ የሚጨምሩ ከሆነ ሰዓቱን ይጠንቀቁ፤ በአማርኛው ጠዋት 1:30 ያሉት በእንግሊዝኛው 7:30 መሆን አለበት።

የፈረንጁን ሕፃን በራሷ ክፍሎችና በራሷ ሞግዚቶች ፎቶ ተካነው። የልጆች ፎቶ ካለ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቃል አይበቃም። ፎቶ በቴሌግራም ሲልኩ ደግሞ በፋይል መልክ ይላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላኩት ጥራቱ ይቀንሳል። ረዥሙ ጎኑ 1,280 ፒክስል የሆነ ፎቶ ለኅትመት በሚፈለገው በ300 ዲፒአይ ጥራት 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የብሮሸሩ ቁመት ግን 21 ነው። ስልክ ላይ ያማረው ፎቶ ታትሞ ሲመጣ የሚደበዝዘው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ስንት ይታተም?

በኦፍሴት ማሽን ባለ ሙሉ ቀለም ሥራ ለእያንዳንዱ የወረቀት ፊት አራት ፕሌት ያስፈልገዋል። የፕሌቱ ወጪ 500 ቢታተምም 3,000 ቢታተምም ያው ስለሆነ ቁጥሩ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። «ትንሽ ቢጨምሩበት እኮ ይረክስልዎታል» የሚባሉት ለዚህ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን አልጋ ሥር በካርቶን የሚቀመጥ ብሮሸር አልረከሰም። ዘመዴ በዲጂታል 200 ብቻ አሳተመች። የአንዱ ዋጋ ከፍ ቢልም በአጠቃላይ የከፈለችው ከ3,000ው በብዙ ያነሰ ነው፤ ቀሪው ገንዘብ ለሞግዚቶች ደመወዝ ሆነ። ወረቀቱ 130 ግራም አርት ፔፐር ነው። ከዚህ በጣም የወፈረ ከፈለጉ ከመታጠፉ በፊት በማሽን መስመር ይውጣለት፤ አለዚያ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

ወርኃዊ ክፍያውን ብሮሸሩ ላይ አላተምነውም። በቢሮ ፕሪንተር የሚወጣ፣ ውስጡ የሚገባ ትንሽ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ኪራዩም ምግቡም በሚጨምርበት ጊዜ ዋጋን ቀለም ውስጥ መቅበር አያዋጣም። የማተሚያ ቤቱም ፕሮፎርማ ለስንት ቀን እንደሚጸና አስቀድመው ይጠይቁ።

የመጨረሻውን ናሙና በወረቀት ታትሞ ካላዩት አይፈርሙ። ፊደል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲዛወር ሊመሰቃቀል ስለሚችል ስክሪን አይታመንም። ስልክ ቁጥሩን ከናሙናው ላይ እያዩ ይደውሉ፤ በቃልዎ ከሚያውቁት አይደለም። አድራሻውንም በእግር ሄደው ይፈትሹት። አዲስ አበባ ውስጥ የምንናገረው «ከእንትን ሕንፃ ፊት ለፊት» እያልን ነው፤ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ያ ሕንፃ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ዘመዴ ምልክት አድርጋ የጻፈችው ካፌ ከአካባቢው ተነሥቶ ኖሯል።

ሥራ ስትጀምር ስልኩ አጠገብ አንድ ደብተር አስቀመጠች። ለደወለ ሁሉ «ስልካችንን ከየት አገኙት?» ትላለች፤ መልሱን ከነጥያቄው ትጽፋለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ደብተሩ ላይ ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ ብሮሸሩ ላይ ያልነበረ ነበር፤ «ቅዳሜስ ትከፍታላችሁ?» የሚል። በእጇ የቀሩት 60 ገደማ ነበሩ። «ቅዳሜ እስከ 6:30 ክፍት ነን» የሚል ማኅተም አስቀርጻ ሽፋናቸው ላይ መታችባቸው፤ ለሁለተኛው ኅትመት ደግሞ ቦታ እንዲኖረው ከሽፋኑ ፎቶ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀነስን።