ለጁፒተር ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል

እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ጁፒተርንና ሳተርንን አነሳለሁ። ቴሌስኮፔ ለጀማሪ የሚሸጥ ባለ ሌንስ ነው፤ የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊ ሜትር። «በዚህች ምን ይታያል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያገኘው ከዚህ በጣም ባነሰ መሣሪያ ነው።

ፕላኔትን ፎቶ ማንሳት የሚከብደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የምስሉ ማነስ ነው። ጁፒተር ለምድር በሚቀርብበት ወቅት እንኳ በእኔ ቴሌስኮፕ ካሜራው ላይ የሚያርፈው ምስሉ የአንድ ሚሊ ሜትር ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። ባርሎው የሚባለው ሌንስ ሲጨመርበት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛውና ዋናው እንቅፋት አየሩ ነው። ሙቅና ቀዝቃዛ አየር ሲቀላቀል ፕላኔቱ በወራጅ ውሃ ሥር እንዳለ ጠጠር ይዋልላል።

ሠርግ ላይ ትክክለኛዋን ቅጽበት ጠብቄ አንዴ እጫናለሁ። እዚህ ግን ቪዲዮ መቅረጽ ይሻላል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ሺህ ፍሬም ይሰበሰባል፤ ከእነሱ መካከል አየሩ ለአፍታ የረጋባቸው ይገኛሉ። አውቶስታከርት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ጥርት ያሉትን መርጦ ይደራርባቸዋል። የካሜራው ነቁጥ በየፍሬሙ ቦታ ስለሚቀያይር በድርርቡ ይጠፋል፤ የጁፒተር ጥቁር ቀበቶዎች ግን ቦታቸውን ስለማይለቁ ጎልተው ይወጣሉ። ቪዲዮውን ማስረዘም አያዋጣም። ጁፒተር 10 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በዛቢያው ላይ አንድ ዙር ስለሚጨርስ ምስሉ ይደበዝዛል።

ለብቻው የተሠራ ካሜራ የሌለው በስልኩ ይጀምር። ስልኩን በማያያዣ ከቴሌስኮፑ የዓይን ሌንስ ጋር ማሰር ነው። ስልክ ጥቁሩን ሰማይ አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር ፕላኔቱ ነጭ ክብ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ብርሃኑን በእጅ ቀንሱ። ቀበቶዎቹ እንዲታዩ ብርሃኑን ስትቀንሱ ጨረቃዎቹ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ሁለቱን ለየብቻ አንሱ።

እኛ አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ትልቅ ዕድል አለን። ፕላኔቶች የሚጓዙት ፀሐይ በምትሄድበት መስመር አካባቢ ነው፤ ከተማችንም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ጁፒተርና ሳተርን ከፍ ሲሉ ሁልጊዜ ከአድማስ ከ50 ዲግሪ በላይ ናቸው። ለንደን ላይ እነዚሁ ፕላኔቶች በአንዳንድ ዓመታት ከ15 ዲግሪ ብዙም አያልፉም፤ ብርሃናቸውም በወፍራም አየር ውስጥ ይመጣል። የመንገድ መብራትም አያሳስብም፤ ፕላኔቶች በራሳቸው ደማቅ ናቸው። ክረምቱ ደመና ነው፤ ከመስቀል በኋላ ግን ሰማዩ ይከፈታል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ማታ ሙቀቱን ይለቃል፤ ምስሉንም ያርገበግባል። እኔ ቴሌስኮፑን አፈር ወይም ሣር ላይ አቆማለሁ፤ በጎረቤት ጣራ በኩልም አላነጣጥርም። ከቤት ሲወጣ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ።

ትንሽ ሌንስ ወሰን አለው። በደማቅ ፕላኔት ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ጥላ ይታያል፤ ማርስም ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቀይ ክብ ብቻ ነው። የጁፒተር ሁለት ቀበቶዎችና የሳተርን ቀለበት ግን ይገኛሉ።

ቴሌስኮፕ ገዝታችሁ ቁም ሣጥን ላይ የሰቀላችሁ፣ አውርዱት። በጨረቃ ተለማመዱ፣ ከዚያ ወደ ጁፒተር እለፉ። ያለ ልዩ ማጣሪያ ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አታዙሩት፤ ዓይን ያጠፋል። የሰፈር ልጆችንም ጠርታችሁ አሳዩ፤ የሳተርንን ቀለበት በገዛ ዓይኑ ያየ ልጅ የሳይንስ መጽሐፉን በሌላ ፍላጎት ይከፍታል።