በደምቢያ ሰማይ ላይ ለመዝለል የትኛው አውሮፕላን?

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚወርድ መንገደኛ ቆላ የደረሰ ይመስለዋል። ነገር ግን የጣና ሐይቅ ወለል ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ለአውሮፕላን ክንፍና ለፓራሹት ይህ ተራራ ማለት ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በ18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ቀትር ጉድለቱ ወደ 23 በመቶ ከፍ ይላል። የአየር ወለድ ወታደር ከምን ዓይነት አውሮፕላን ይዝለል የሚለው ጥያቄ በኛ አገር መነሻው ይህ ቁጥር መሆን አለበት። አውሮፕላን ስንመርጥ ስለ ሞተሩና ስለ ዋጋው ብዙ ይወራል፤ ስለምንኖርበት አየር ግን እምብዛም አይነሣም።

በመጀመሪያ ዘላዩን እንይ። ፓራሹት ተዘርግቶ ሲረጋ፣ የወታደሩ ክብደት ወደ ታች የሚስበውን ያህል በጨርቁ የታገደው አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ግፊት ለማግኘት በበለጠ ፍጥነት መውረድ ግድ ነው። በብዙ አገሮች ጦር ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ክቡ ቲ-10 ፓራሹት ትጥቁን የያዘ ወታደር በሴኮንድ 7 ሜትር ገደማ ያወርዳል፤ ይህ ከ2.5 ሜትር ከፍታ ያለ ፓራሹት ዘሎ መሬት ከመምታት ጋር እኩል ነው። ያው ጨርቅ ያንኑ ሰው በቀትር ደምቢያ ሜዳ ላይ የሚያሳርፈው በሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ፍጥነት ሲሆን፣ ከፍታው ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። ፍጥነቱ የጨመረው በ14 በመቶ ብቻ ነው። የምቱ ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ቁርጭምጭሚቱና ወገቡ የሚቀበሉት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው።

አውሮፕላኑም ከዚሁ አያመልጥም። የአብራሪው ፍጥነት መለኪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ መሣሪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው ከዚያ ፈጥኖ ነው። ሲ-130 የተባለው የጭነት አውሮፕላን ዘላዮችን ሲያወርድ መለኪያው በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳያል፤ በጣና ዳርቻ ቀትር ላይ ትክክለኛው ፍጥነት 270 ይደርሳል። በሁለት በሮች 64 ወታደሮች በየሴኮንዱ አንድ አንድ እየሆኑ ቢወጡ ሁሉም ለመውጣት 32 ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። በባሕር ጠለል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዘላይ በ2.1 ኪሎ ሜትር ሲራራቁ እዚህ ርቀቱ 2.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 300 ሜትር ማለት ነው፤ አንድ ቡድን ሰብስቦ ለማዋጋት ለሚጣደፍ አዛዥ ትንሽ አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር ወለድ በዘመነ ንጉሠ ነገሥቱ በእስራኤል አሠልጣኞች እገዛ ሲደራጅ ቤቱ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ ነበረች። እሷም 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ ዘላዮቻችን ከመጀመሪያው የለመዱት ስስ አየር ነው። አየር ኃይሉ ሲ-47 ነበረው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚሁ ዓይነት 5 አውሮፕላኖች ነው። ሲ-47 ታማኝ ማሽን ነበር፤ ሆኖም በሩ በግራ ጎኑ ብቻ ነው፣ 20 ገደማ የሆኑ ዘላዮች በአንድ ሰልፍ ይወጣሉ፣ ከጂፕ የሚበልጥ ተሽከርካሪም ሊጫንበት አይችልም። በኋላ የመጣው ሲ-119 ጅራቱን በሁለት ረጃጅም ክንዶች ላይ የተሸከመ ስለሆነ የኋላው ክፍል ለጭነት ነጻ ነው። ኬ በተባለው ዓይነቱ ከክንፎቹ ሥር ሁለት ትንንሽ ጄት ሞተሮች ተጨምረውለታል፤ ሙቀትና ከፍታ የሚያደክሙትን የፒስተን ሞተር በመነሻ ሰዓት ለማገዝ የተገኘ መላ ነበር። ከ1970 ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ባለ አራት ሞተር አንቶኖቭ-12 ከኋላ ሰፊ በር ስላለው ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ያወጣል፤ የሚያወርደው ግን ከሲ-130 በበለጠ ፍጥነት ነው።

ሁልጊዜም ፓራሹት መልስ አይሆንም። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የካራማራ ውጊያ ጊዜ ከባድ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን ከተራራው ጀርባ አሳርፈዋል።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን የ1977ቱ ድርቅ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሲ-130ዎችና የጀርመን ትራንዛሎች፣ የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ቦታውን እየለዩላቸው፣ መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ እህል ጥለዋል። ያለ ፓራሹት ነበር። በሁለትና በሦስት ጆንያ የተደራረበ ስንዴ ከመሬት 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ካለ አውሮፕላን ይንሸራተታል፤ ወደ ታች ያለው ፍጥነት በሴኮንድ 17 ሜትር ነው፤ ጆንያ ይህን ይችላል፣ ሰው አይችልም። ያ ሥራ የተቻለው አውሮፕላኑ የኋላ በር ስለነበረው፣ በዝግታ መብረር ስለሚችልና ጎርባጣ ሜዳ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ለአየር ወለድ ጥሩ የሚያደርጉት ባሕርያት እነዚሁ ናቸው። ገንዘቡ ውስን የሆነ አገር ለዝላይ ብቻ አውሮፕላን ሊያቆም አይችልም፤ ወታደሩን የሚያወርደው ማሽን ሕመምተኛውንም እህሉንም ማድረስ አለበት። በዚህ ሚዛን እኔ የምመርጠው ባለ አራት ሞተሩን ሲ-130 ነው።

እንግዲህ ይህ አውሮፕላን ከባሕር ዳር ተነሥቶ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ አቋርጦ ከጎርጎራ በስተ ሰሜን ደምቢያ ሜዳ ላይ ልምምድ ቢያደርግ ብለን እናስብ። ሜዳው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። በክረምት ግን የመገጭና የድርማ ወንዞች ሞልተው ዋልካውን ጭቃ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት መሆን አለበት። የበረራው መስመር ከሐይቁ ዳርቻ ጎን ለጎን ይሁን እንጂ ወደ ውኃው አይሂድ፤ ትጥቅ የተሸከመና ጨርቅ የተከናነበ ዘላይ ለመስጠም ብዙ ውኃ አያስፈልገውም። ከ300 ሜትር የሚወርድ ሰው 38 ሴኮንድ ያህል አየር ላይ ይቆያል፤ በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 190 ሜትር ይወስደዋል። ሌሊትና ማለዳ ነፋሱ ከየብስ ወደ ጣና ነው፤ የብሱ ሞቆ ነፋሱ ከውኃው ወደ ደምቢያ የሚዞረው ከረፋዱ ወዲህ ነው። ታዲያ አየሩ ጥቅጥቅ የሚልበት ማለዳ ነፋሱ ወደ ሐይቁ የሚገፋበት ሰዓት ሆነ።

ሌላም አለ። በነዚያው ወራት ከሰሜን የሚመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ኩርኪዎች በጣና ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ያድራሉ፣ ጎህ ሲቀድ ለቃርሚያ ወደ እርሻው ይበርራሉ፤ 300 ሜትር ላይ በዝግታ የሚበር አውሮፕላን መንገዳቸው ላይ ነው። ስለዚህ ለዝላዩ የሚቀረው ወፎቹ ማሳ ላይ ካረፉ በኋላ፣ የሌሊቱ ነፋስ ሞቶ የቀኑ ሳይነሣ ያለው ጊዜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ያኔም ቢሆን ዳርቻው ላይ የነፍስ አድን ሞተር ጀልባዎች ተዘጋጅተው መቆም አለባቸው።